ዋንጫው ቀረለት፣ ትኬቱ ተነጠቀ፦ የሪችመንድ 2024 ጉዳይ

እ.ኤ.አ. ኦገስት 11 ቀን 2024 ምሽት ነው። በአሜሪካ ቨርጂኒያ ሪችመንድ ከተማ በተካሄደው የናስካር (የአሜሪካው የመኪና እሽቅድምድም ድርጅት) ከፍተኛ ምድብ፣ የካፕ ውድድር የመጨረሻው ዙር ሲጀመር፣ ባለ 3 ቁጥር ሼቭሮሌት የሚነዳው ኦስቲን ዲሎን ሁለተኛ ነበር። ሦስተኛው መታጠፊያ ላይ ከፊቱ የነበረውን ጆይ ሎጋኖን ከኋላ ገጨው፤ ባለ 22 ቁጥሩ ፎርድ እንደ እንዝርት ሾረ። ያንን ክፍተት አይቶ ዴኒ ሃምሊን ባለ 11 ቁጥር ቶዮታውን በውስጥ በኩል ሲያሾልክ፣ ዲሎን ወደ ታች ወርዶ የቀኝ የኋላ ጎኑን ነካውና ከውጭው ግንብ ጋር አላተመው። ከዚያም የማብቂያውን መስመር ቀድሞ አለፈ።

በሦስተኛው ቀን ናስካር በአነዳድ ጥፋት የተነሳ ከዚያ በፊት አድርጎት የማያውቀውን አደረገ። ድሉ የዲሎን ነው አለ፤ ድሉ የሚያስገኘውን የፕሌይኦፍ (የዓመቱ ሻምፒዮን የሚለይበት የመጨረሻ ምዕራፍ) ቦታ ግን ከለከለው። ጉዳዩ መጠናት ያለበት በዚህ ምክንያት ነው። መኪና ከመኪና ጋር መነካካት የተፈቀደበት ስፖርት ውስጥ ጨዋነት የቱ ጋ ያልቃል የሚለው ጥያቄ፣ ለዓመታት የአሽከርካሪዎች ክርክር ብቻ ሆኖ ከቆየ በኋላ፣ እዚህ ላይ ከነቅጣቱ ወረቀት ላይ ሰፈረ።

ፎርሙላ 1 የለመደ ተመልካች መጀመሪያ የሚገርመው መነካካቱ ነው። የፎርሙላ መኪና ጎማው ከአካሉ ውጭ ስለሆነ ትንሽ ንክኪ ይሰብረዋል። የስቶክ ካር፣ ማለትም የናስካር ዓይነቱ መኪና፣ ጎማ ግን በአካሉ ተሸፍኗል፤ ከ2022 ጀምሮ የሚነዳው አዲሱ የካፕ መኪና አካል ደግሞ ከቆርቆሮ ሳይሆን ከድብልቅ ፋይበር የተሠራ ስለሆነ፣ ሲመታ ተጨማዶ ጎማ ላይ እንደ መቀመጥ መልሶ ይነጥራል። ክብደቱ ያለ ሰውና ያለ ነዳጅ 1,450 ኪሎ ግራም ገደማ፣ የሞተሩ ጉልበት በዚያ ዓመት 670 የፈረስ ጉልበት ነበር። መኪናው ሲጠነክር የአሽከርካሪው ፍርሃት ይቀንሳል። ቀድሞ ሁለት ጊዜ የሚያስበው ሰው አሁን አንዴ እንኳ ሳያስብ ይገፋል።

ሪችመንድ ደግሞ ለዚህ የተመቸ ሜዳ ነው። ከዋሽንግተን አካባቢ ሁለት ሰዓት ያህል ነድቶ የሚደረስበት ይህ ትራክ ዙሪያው 0.75 ማይል፣ ማለትም 1.2 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው፤ የመታጠፊያዎቹ ዘንበልታ 14 ዲግሪ ነው። አንድ ዙር 23 ሰከንድ አካባቢ ይፈጃል። በእያንዳንዱ ዙር ሁለት ጊዜ ጠንከር ያለ ፍሬን ይያዛል፤ ፍሬን በተያዘ ቁጥር የኋለኛው የፊተኛውን ፓራውልት ያገኛል።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል፤ የጉዳዩ ፍርድ ያረፈው በዚህ ልዩነት ላይ ነውና። አንደኛው ጎሸም አድርጎ ማለፍ ነው። ከኋላ ያለው መታጠፊያው መግቢያ ድረስ ይጠጋል፤ የፊተኛው ፍሬን ይዞ የመኪናው ክብደት ወደ ፊት ጎማዎች ሲያጋድል የኋላ ጎማዎቹ ይቀላሉ። በዚያች ቅጽበት የፓራውልቱን መሃል በፓራውልቱ መሃል ለስለስ አድርጎ ይገፋዋል። ከዚያ ወዲያው ፍሬን ይይዛል፤ ይህ የማይታለፍ እርምጃ ነው። የተገፋው መኪና አንድ መኪና የሚያሳልፍ ያህል ወደ ላይ ይንሸራተታል፣ ጎማው ግን መሬት መያዙን አይተውም። ገፊው በተከፈተው የውስጥ መስመር ያልፋል። የተገፋው ይናደዳል፤ ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ሆኖ ግን ይጨርሳል።

ይህ የሚበላሸው በሦስት መንገድ ነው። የፓራውልቱ ማዕዘን ሲነካ የመሃል ግፊት መሆኑ ይቀርና ማዞር ይሆናል። የፍጥነት ልዩነቱ ሲበዛ ግፊቱ ዱላ ይሆናል። ገፊው ከነካ በኋላ እግሩን ካላነሳ ደግሞ የፊተኛው መኪና ለመረጋጋት የሚያገኘው ጊዜ የለም። ሦስተኛው ከሁሉም በላይ ሐሳብን ያጋልጣል፤ ዳታ ላይ በግልጽ ይታያልና። የካፕ መኪኖች የመሪ፣ የፍሬንና የነዳጅ ፔዳል መረጃ በየቅጽበቱ ይመዘገባል። ስለዚህ «ዘግይቼ ፍሬን ይዤ ነው» የሚል አሽከርካሪ የሚያሳምነው ወዳጆቹን ብቻ ነው።

ሁለተኛው ነገር የቀኝ ኋላ መንጠቆ የሚባለው ነው። ትራኩ ወደ ግራ የሚዞር ነው፤ ግንቡ ያለው በስተቀኝ ነው። የፊተኛውን መኪና የቀኝ የኋላ ጎን ይዞ ወደ ግራ የገፋ ሰው፣ የመኪናውን አፍንጫ ወደ ቀኝ አዞረው ማለት ነው። መኪናው ፍጥነቱ ሳይቀንስ ፊቱን ወደ ግንቡ ይሰጣል። ከውስጥ ያለው ሰው መሪውን መልሶ የሚያቃናበት ጊዜ የለውም። ናስካር በዚህ ዓይነቱ ምት ቀልድ የለውም። ቡባ ዋላስ በኦክቶበር 2022 ላስ ቬጋስ ላይ ካይል ላርሰንን፣ ቼስ ኤልየት በሜይ 2023 ሻርሎት ላይ ራሱን ዴኒ ሃምሊንን በዚህ መንገድ በመምታታቸው እያንዳንዳቸው ከአንድ ውድድር ታግደዋል። ግንብ መምታት በጠንካራው መኪናም ቢሆን ቀላል አይደለም። ከርት ቡሽ በጁላይ 2022 ፖኮኖ ላይ ማንም ሳይነካው መኪናው ዞሮበት ከግንብ ሲጋጭ የደረሰበት የጭንቅላት ጉዳት የሙሉ ጊዜ ሩጫውን አስቁሞታል።

አሁን ወደዚያች ምሽት እንመለስ። ዲሎን ከኦገስት 2022 ወዲህ 68 ውድድር ያለ ድል አሳልፎ ነበር። በነጥብ ሠንጠረዡ 32ኛ ነው። መደበኛው የ26 ውድድር ምዕራፍ ሊዘጋ ከሪችመንድ በኋላ ሦስት ውድድር ብቻ ይቀራል። በነጥብ ወደ 16ቱ የፕሌይኦፍ ተወዳዳሪዎች መግባት የማይታሰብ ነው። ግን ከ2014 ጀምሮ የሚሠራ አንድ አቋራጭ ነበር፤ በመደበኛው ምዕራፍ አንድ ውድድር ላሸነፈ ሰው በሩ ይከፈትለት ነበር፤ ከ2023 ወዲህ ደግሞ በነጥብ የትም ቢሆን። ሒሳቡን አስቡት። በወቅቱ ለአንደኛ 40 ነጥብ፣ ለሁለተኛ 35፣ ለሦስተኛ 34 ይሰጥ ነበር። በወረቀት ላይ በአንደኛና በሁለተኛ መካከል ያለው 5 ነጥብ ነው። ለ32ኛው ሰው ግን ልዩነቱ የዓመት ሥራ፣ የስፖንሰር ገንዘብና የቡድኑ ሠራተኞች ጉርሻ ነው።

የሚያሳዝነው ደግሞ ዲሎን ውድድሩን በእጁ ይዞት ነበር። ከተያዘው 400 ዙር ሁለት ያህል ሲቀር እየመራ ነበር፤ ያን ምሽት ከሁሉም የተሻለ መኪና ከነበራቸው አንዱም እሱ ነው። ያኔ ከኋላ ሪኪ ስቴንሃውስ ጁኒየር እና ራያን ፕሪስ ተጋጩና ቢጫ ባንዲራ ወጣ። ቢጫ ባንዲራ ሲወጣ ሁሉም ተጠጋግቶ ይሰለፋል፤ የተገነባው ርቀት እንዳልነበረ ይሆናል። ጎማ ተቀየረ፣ ተጨማሪ ዙር ታወጀ፤ ሁለት ዙር ብቻ። ዲሎን ከፊት ረድፍ ተነሳ፤ ሎጋኖ ግን አነሳሱን አሳምሮ ቀደመው። ይህ ንጹሕ ቅድሚያ ነበር፤ ማንም አልተነካም።

የመጨረሻው ዙር ላይ ሎጋኖ የጥቂት መኪና ርዝመት ይመራ ነበር። ጎሸም ለማድረግ መጀመሪያ መድረስ ያስፈልጋል፤ ዲሎን ደግሞ በወጉ የሚደርስበት ርቀት ላይ አልነበረም። የደረሰው መታጠፊያውን ለመዞር በሚያስችል ፍጥነት ሳይሆን፣ ከፊቱ የሚያስቆመው ነገር ከሌለ ራሱ ግንብ በሚያገኝ ፍጥነት ነው። በሌላ አነጋገር ሎጋኖን እንደ ፍሬን ተጠቀመበት። ያንን ብቻ አድርጎ ቢያበቃ ክርክሩ እስከ ዛሬ ሁለት ወገን ይኖረው ነበር። ሃምሊን ላይ የተደረገው ግን ክርክሩን ዘጋው። ከላይ ካለው ማማ ሆኖ በሬዲዮ የሚመራው ጠቋሚ ደግሞ በመጨረሻው መታጠፊያ ላይ «ምታው» ብሎ ሲጮህ ተሰምቷል። የናስካር ሬዲዮ ለማንም ክፍት ነው፤ ደጋፊ ጆሮው ላይ ሰክቶ ይሰማዋል።

ውጤቱ ዲሎን አንደኛ፣ ሃምሊን ሁለተኛ፣ ሎጋኖ 19ኛ ሆኖ ተመዘገበ። ዲሎን ከመኪናው ወርዶ ማድረጉ ደስ እንደማይለው፣ ግን ድሉ እንደሚያስፈልገው ተናገረ። ሎጋኖ በስድብ መለሰ። ከስድቡ የከፋው ግን ከዚያ በፊት የሠራው ነው። መኪናውን ወደ ፒት (ቡድኖች መኪኖቻቸውን ወደሚያስተናግዱበት መስመር) ሲመልስ የዲሎን ቡድንና ቤተሰብ ቆመው በሚደሰቱበት አጠገብ ጎማ እያጨሰ አለፈ። ለዚህም 50,000 ዶላር ተቀጣ። ተበዳዩም አብሮ መቀጣቱ ትክክል ነው። ትራኩ ላይ ያለው ሰው ቀበቶ፣ የራስ ቁርና የብረት ጎጆ አለው፤ ፒት ላይ በእግሩ የቆመው ሰው ምንም የለውም።

የኦገስት 14ቱ ውሳኔ አራት ክፍል ነበረው። ድሉ ይጸናል። ድሉ ለፕሌይኦፍ መግቢያ አያገለግልም። ከአሽከርካሪውም ከባለ ንብረቱም 25 ነጥብ ይቀነሳል። ጠቋሚው ለሦስት ውድድር ይታገዳል። የተጠቀሰው ድንጋጌ፣ ለፕሌይኦፍ የሚቆጠር ድል ከሕግ ጥሰትና ስፖርቱን ከሚጎዳ ተግባር የጸዳ መሆን አለበት የሚል ነው። ውሳኔውን ያስታወቀው የውድድር ክፍሉ ኃላፊ ኤልተን ሶየር ነበር። የቡድኑ ባለቤት፣ የዲሎንም አያት፣ ሪቻርድ ቻይልድረስ ይግባኝ አሉ። በኦገስት 21 ሦስት አባላት ያሉት ጉባኤ መስመሩ መታለፉን ተቀብሎ ቅጣቱን አጸና፤ የጠቋሚውን እገዳ ብቻ ከሦስት ወደ አንድ ዝቅ አደረገ። ኦገስት 26 ላይ የመጨረሻው የይግባኝ ሹም ቢል ሙሊስም አጸናው። ጉዳዩ ተዘጋ።

ቡድኑ የተናደደው ያለ ምክንያት አልነበረም ለማለት ታሪክ ማገላበጥ በቂ ነው። በኦገስት 1999 ብሪስቶል ላይ፣ በዚሁ ቡድን፣ በዚሁ 3 ቁጥር መኪና፣ ዴል ኧርንሃርት የመጨረሻው ዙር ላይ ቴሪ ላቦንቴን አዙሮ አሸነፈ። ላስደነግጠው እንጂ ልገለብጠው አልነበረም አለ፤ ሕዝቡ ጮኸበት፤ ቅጣት ግን አልነበረም። በ2018ቱ ዴይቶና 500 ራሱ ዲሎን የመጨረሻው ዙር ላይ መንገድ ሊዘጋበት የመጣውን አሪክ አልሚሮላን ከኋላ ገፍቶ ግንብ ላይ ጥሎት ነው የትልቁ ውድድር ባለ ድል የሆነው። ያኔም ቅጣት አልነበረም። እንግዲህ ሰው የሚማረው ከተነገረው ሕግ ሳይሆን ከተቀጣውና ካልተቀጣው ነው፤ ዲሎን ደግሞ አሥርት ዓመታት የተከማቸ «ያልተቀጣ» ከፊቱ ነበረው።

ግን ሌላ ታሪክም አለ፤ ያውም እዚያው ሪችመንድ። ኤፕሪል 24 ቀን 2016 ካርል ኤድዋርድስ የመጨረሻው ዙር፣ የመጨረሻው መታጠፊያ ላይ የገዛ ቡድን ጓደኛውን ካይል ቡሽን ጎሸም አድርጎ አለፈው። ቡሽ ወደ ላይ ተንሸራተተ፣ መኪናውን መለሰ፣ ሁለተኛ ሆኖ ጨረሰ። በኦክቶበር 2018 ማርቲንስቪል ላይ ይኸው የዛሬው ተበዳይ ሎጋኖ ማርቲን ትሩክስ ጁኒየርን በተመሳሳይ ሁኔታ ገፋው። ትሩክስ በቁጣ ጦፈ፤ መኪናው ግን አልዞረም፣ ሦስተኛ ሆነ። ሎጋኖም በዚያ ድል ታግዞ የዓመቱ ሻምፒዮን ሆነ። ሎጋኖ ስለ ጨዋነት ሊያስተምር የሚችል ሰው ነው ብሎ የሚያምን ብዙ የለም፤ ይሁንና በእነዚህ ሁለት ድሎች እና በ2024ቱ መካከል ያለው ልዩነት በዓይን የሚታይ ነው። የተገፋው ሰው ውድድሩን የመጨረስ ዕድል ቀርቶለታል ወይስ አልቀረለትም? አሽከርካሪዎች በመካከላቸው «ገፋኝ» እና «ጣለኝ» ብለው የሚለዩት ይህንኑ ነው። የገፋህን ሰው በሌላ ቀን ትገፋዋለህ፣ ሒሳቡ ይዘጋል። የጣለህን ግን እስክትጥለው ድረስ አትረሳውም።

የማይረሳ ሒሳብ ምን እንደሚያመጣ ለማየት 2015 ይበቃል። ኦክቶበር 18 ካንሳስ ላይ ሎጋኖ እየመራ የነበረውን ማት ኬንሰትን አዞረው፤ የወቅቱ የናስካር ሊቀመንበር ብራያን ፍራንስ ድርጊቱን የናስካር ዋና መገለጫ ብለው አሞገሱት። ሁለት ሳምንት ቆይቶ፣ ኖቬምበር 1 ማርቲንስቪል ላይ፣ ኬንሰት በተሰባበረና ዘጠኝ ዙር ወደ ኋላ በቀረ መኪና መሪውን ሎጋኖን ጠብቆ ግንብ ላይ ለጠፈው። ሁለት ውድድር ታገደ። ሎጋኖ ዋንጫውን አጣ። የመጀመሪያውን ያወደሰ አካል ሁለተኛውን ሲቀጣ፣ አሽከርካሪዎቹ የሚሰሙት «ቀድመህ ጣል» የሚል ነው።

ስለ 2024ቱ ፍርድ ሁለት ቅሬታ ማንሳት ይገባል። አንደኛው፣ የቀኝ ኋላ መንጠቆ ዋላስንና ኤልየትን አንድ አንድ ውድድር ካስቀረ፣ ዲሎን በቀጣዩ ሳምንት ሚሺጋን ላይ መነሳት አልነበረበትም። ትኬቱን መንጠቅ ለድሉ መልስ ነው፤ ለሃምሊን አካል መልስ አይደለም። ሁለተኛው ጊዜው ነው። ምሽቱን ኮንፈቲ ተበትኖ፣ ዋንጫ ተሰጥቶ፣ ፎቶ ተነስቶ ካበቃ በኋላ በሦስተኛው ቀን የሚመጣ ቅጣት ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሆናል። እግር ኳስ ውስጥ በጥፋት የገባ ግብ ይሰረዛል፤ እዚህ ግቡ ጸንቶ ዋጋው ተሰረዘ። እንዲህ ዓይነቱ ግማሽ ፍርድ የተለመደ አይደለም፤ ግን ያ ሰው ለምን እንደገጨ ካየን የተመታው ትክክለኛው ቦታ ነው። ዲሎን የገጨው ለዋንጫው አልነበረም፣ ለትኬቱ እንጂ።

ትኬቱ በንጽሕናም ይገኝ እንደነበር ለማሳየት ብዙ አልቆየም። ኦገስት 24 ዴይቶና ላይ፣ በነጥብ 34ኛ የነበረው፣ ማለትም ከዲሎንም በታች የነበረው ሃሪሰን በርተን በመጨረሻው ዙር አሸንፎ ፕሌይኦፍ ገባ። የቀደመው የዲሎንን የቡድን ጓደኛ ካይል ቡሽን ነው። ቡሽም ያን ዓመት ያለ ድል ነበር፤ እሱም ያንኑ ትኬት ይፈልግ ነበር። ሁለተኛ ሆኖ ወረደ፤ መኪናውም የበርተንም አልተሰበረ።

ችግሩ ግን ከአንድ ሰው ባሕርይ የሰፋ መሆኑን ኖቬምበር 3 ቀን 2024 ማርቲንስቪል አረጋገጠ። በፕሌይኦፉ ወደ ፍጻሜው የሚያሳልፈው ቦታ በአንድ ነጥብ ሲወሰን፣ ዲሎንና ሮስ ቻስቴን ጎን ለጎን እየሄዱ ለሌላው የሼቭሮሌት አሽከርካሪ ዊልያም ባይረን ጀርባ ከለላ ሆኑ፤ ቡባ ዋላስ ደግሞ ፍጥነቱን ቀንሶ ለቶዮታው ክሪስቶፈር ቤል መንገድ ለቀቀ። ለሦስቱም ቡድኖች 50 ነጥብ ቅነሳ፤ ለእያንዳንዱ አሽከርካሪና ለእያንዳንዱ ቡድን 100,000 ዶላር ቅጣት፤ የቡድን መሪዎቻቸውና ጠቋሚዎቻቸው ደግሞ ከመጨረሻው የፊኒክስ ውድድር ታገዱ። እዚያ ማንም ማንንም አልገጨም። ሪችመንድ ላይ ፓራውልት የሠራውን ማርቲንስቪል ላይ የነዳጅ ፔዳሉን ለቀቅ ማድረግ ሠራው። ናስካር ለ2026 «ያሸነፈ ይገባል» የሚለውን አቋራጭ አንስቶ 16ቱን በነጥብ ብቻ ለመምረጥ መወሰኑ ሲታይ፣ ቅጣቱ ብቻውን እንዳልበቃ ራሱም የተቀበለ ይመስላል።

አቋራጩ ከመዘጋቱ በፊት ግን ዲሎን አንድ ጊዜ ደግሞ ተጠቀመበት። ኦገስት 16 ቀን 2025፣ ያው ሪችመንድ፣ ያው ውድድር፣ ያው 3 ቁጥር። እንደ አምናው ሁሉ በነጥብ መግባት የማይችል ነበር፤ እንደ አምናው ሁሉ መኪናው ፈጣን ነበር። ቢጫ ባንዲራው ግን በመጨረሻ አልወጣበትም። አሌክስ ቦውማንን ከኋላው አስከትሎ ማንንም ሳይነካ አንደኛ ወጣና ፕሌይኦፍ ገባ፤ በመጀመሪያው ምዕራፍ ተሰናበተ። በናስካር የድል መዝገብ ላይ ሁለቱ ሪችመንዶች ጎን ለጎን ተጽፈዋል፤ አንዱን ከሌላው የሚለይ ምልክት አጠገባቸው የለም።